የኢሉሚናዳ ላጲስ

ኢሉሚናዳ ጌሎጎ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባውን የጨረሰችው እንግሊዝኛ እያስተማረች የሰውን «ኢን» ወደ «ኦን»፣ የሰውን «ኦን» ወደ «አት» ስትቀይር ነው። ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ በእጇ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ዳኛውም፣ የመርከብ ካፒቴኑም፣ ሬሳ ሳጥን ሻጩም ተማሪዎቿ ነበሩ። መንገድ ላይ ያገኟትና በቁልምጫ ስሟ «ማም ናዲንግ፣ አስታወሱኝ?» ይሏታል። የሰው ስም አይያዝላትም፤ የሚያዝላት ስህተቱ ነው። ፊቱን ስታይ «ይሄ ያ ‹ማሪድ ዊዝ› ባዩ ነው» የሚለው ቀድሞ ይመጣባታል። አፏ ግን «እንዴት እረሳሃለሁ፣ የኔ ልጅ» ይላል። ቅር ብሎት ከፊቷ የሄደ ሰው የለም።

ከመንግሥት ትምህርት ቤት በጡረታ ስትሰናበት «እፎይ፣ አሁንስ አረፍኩ» ብላ ነበር። ሦስት ወር አረፈች። ከዚያ ሃሮ ሰፈር ያለ አንድ ለፈተና የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ጠራት፣ እሷም እምቢ ማለት አታውቅበትምና ሄደች። ተማሪዎቹ ውጭ አገር ሥራ የሚጠብቁ ነርሶች ናቸው። የእንግሊዝኛውን ንባብና ማዳመጥ እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ የሚጥላቸው ጽሕፈቱ ነው። አንድ በሽተኛን ለሌላ ሐኪም የሚያስተላልፍ ደብዳቤ እንዲጽፉ ይታዘዛሉ፤ ሰውየው መቼ ገባ፣ ምን አመመው፣ የትኛው መድኃኒት አይስማማውም። ታሪኩ ይገባቸዋል። ደብዳቤውን የሚያሳምሙት እነዚያ በሁለትና በሦስት ፊደል የሚጻፉ ኮሳሳ ቃላት ናቸው።

የኢሎኢሎ ሰው ለዚህ ሁሉ «ሳ» የምትባል አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ሰኞ ዕለትም «ሳ» ነው፣ ሆስፒታል ውስጥም «ሳ» ነው፣ ወደ ገበያም «ሳ» ነው። እኛ በ«በ» ብቻ ስንቱን ጉዳይ እንደምንጨርሰው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን እንደ ክፉ አማት ነው፤ በምን እንደሚቆጣ አይታወቅም። በሽተኛው ሰኞ ከመጣ አንድ ቃል፣ በመጋቢት ከመጣ ሌላ ቃል፣ በሦስት ሰዓት ከመጣ ደግሞ ሌላ። «ለምን፣ ማም?» ይላሉ ነርሶቹ። በአርባ ዓመት ውስጥ ያገኘችው መልስ «እንዲያ ስለሆነ ነው» የሚለው ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስትል ታፍር ነበር፤ አሁን ማፈሩም ደክሟታል።

አርብ አርብ አርባ ያህል ደብዳቤ ታርማለች። አውራ ጣቷ ያብጣል፣ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ ላቧ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ትቀጥላለች። ቅዳሜ ደግሞ የቤቱ ወግ አለ። ከሳምንቱ ደብዳቤዎች እጅግ የተበላሸው በሌላው አስተማሪ ተመርጦ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይለቀቃል። ነርሶቹ «የሳምንቱ በሽተኛ» ይሉታል። አንዱ የልብ ምቱን የሚለካ ይመስላል፣ ሌላዋ «ቤተሰቡን ጥሩለት፣ ሊሞት ነው!» ትላለች፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሁሉም ይስቃል፤ የደብዳቤው ባለቤትም እንዳይታወቅበት አብሮ ይስቃል። ኢሉሚናዳ ይህን ሰዓት አትወደውም። ሽንት ቤት የምትሄደው ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው።

ምክንያት አላት። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ጊምባል በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የአገሩን ቋንቋ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ጣውላ ይንጠለጠልበት ነበር። ናዲንግ ውጋት ይዟት በእናቷ ቋንቋ «ሆዴን» አለች። ጣውላውን አንጠልጥላ አደባባዩን እንድትዞር ተደረገ፤ የገበያ ቀን ነበር። አባቷ ዓሣ ተሸክሞ ሲያልፍ አያት፣ ቆም አለ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ልጅ እንዳየ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ማታ እራት ላይ ስለ ነገሩ ማንም አልተነፈሰም። አድጋ አስተማሪ ስትሆን ለራሷ የማለችው አንድ ነገር ነበር፤ በእጇ ያለ ልጅ ሰው ፊት አያፍርም።

ሪያሊን የክርስትና ልጇ ናት። የሪያሊን እናት ዴልፊና ከኢሉሚናዳ ጋር ከሕፃንነት ጀምሮ አብራ ያደገች፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ባሏን ቶሎ የቀበረች ሴት ናት። እነዚህ ሁለቱ አበልጅ ብቻ አይደሉም፤ አንዷ ስታነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» የምትል ናቸው። ሪያሊን ነርስ ሆና ስትመረቅ ዴልፊና የልጇን እጅ ይዛ ናዲንግ ቤት መጣችና «በይ እንግዲህ፣ እንግሊዝኛው ያንቺ ድርሻ ነው» አለቻት። አየርላንድ ያለ አንድ ሆስፒታል ሪያሊንን ሊቀበላት ደብዳቤ ልኮ ነበር። የጎደለው ፈተናው ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው አርብ ላይ ሪያሊን ደብዳቤዋን የሁሉም ወረቀት ወደሚሰበሰብበት ሳጥን ከመክተቷ በፊት ለክርስትና እናቷ ሰጠቻት። «ኒናንግ፣ እስቲ ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት» አለቻት፤ የክርስትና እናት በአገሩ «ኒናንግ» ነው የምትባለው። ኢሉሚናዳ ዓይኗን ጣለች፣ ደነገጠችም። ልጅቷ ጎበዝ ነርስ ናት፣ ታሪኩን አሳምራ ይዛዋለች፤ ትንንሾቹ ቃላት ግን እንደ ገበያ ዶሮ የትም ተበትነዋል። ይህ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ከገባ ነገ ግድግዳ ላይ መዋሉ አይቀርም። ተማሪዎቹ የሚጽፉት በእርሳስ ነው። ኢሉሚናዳ ከቦርሳዋ ላጲስ አወጣች። አንዱን አጥፍታ የልጅቷን የእጅ ጽሑፍ አስመስላ ተካችው። ከዚያ ሌላውን። ስትጨርስ ሦስት ስህተት ብቻ ተወች፣ እንዳይጠረጠር።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ሪያሊን አርብ አርብ ደብዳቤዋን ትሰጣለች፣ ኢሉሚናዳ ታጠፋለች፣ ትተካለች። ቅዳሜ የሪያሊን ወረቀት በሁለትና በሦስት ቀይ ምልክት ይመለሳል፣ እሷም ወደ ቤቷ ወስዳ ታስቀምጠዋለች። ፈተናውን ሦስት ጊዜ ተፈተነች፣ ሦስቱንም በጽሕፈቱ ወደቀች። «ድንጋጤ ነው» አሉ ጎረቤቶች። «ለሃሮዋ እመቤታችን ካንደላሪያ ሻማ አብሪ» አለች አክስቷ። «ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ልጄ» አለች ኢሉሚናዳ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛውን ጊዜ ስትል ምላሷ መረራት። ሆስፒታሉ ደግሞ ትዕግሥቱ እያለቀ ነበር፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላለፈች ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ጻፈ። አራተኛው ፈተና የመጨረሻዋ ሆነ።

ከፋሲካ አንድ ወር በፊት ኢሉሚናዳ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ወደቀች። አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች። የአርቡን ደብዳቤ ሌላው አስተማሪ ሰር ኬልቪን አረመው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በብዕሩ እንደ መርፌ የሚወጋ ልጅ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሪያሊን የኢሉሚናዳን በር አንኳኳች። እንደ ወጉ የክርስትና እናቷን እጅ ወስዳ ግንባሯ ላይ አስነካች፣ ግን ዓይኗን አላነሳችም።

«አሞዎት ልጠይቅ የመጣሁ እንዳይመስልዎት።»

«ግቢ እስቲ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ። በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላሽ?»

«ኒናንግ!»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ይመስላል። «ትናንት ግድግዳው ላይ የዋለው የኔ ነው። ሃያ ሦስት ስህተት። ሰር ኬልቪን ምን አለ መሰለዎት? ‹ይህ በሽተኛ ነርስ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ፖሊስ ነው፤ አልጋው ላይ ይሁን ጣሪያው ላይ ተፈልጎ ይገኝ።› ቤቱ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።»

«ኬልቪን ገና ለጋ ነው፤ ቀይ ያበዛል።»

«የማን እርማት ነው ልክ? የእርስዎ ነው የሱ?»

ኢሉሚናዳ አፏ ላይ ዝግጁ ሆኖ የሚቀመጥ ለስላሳ ቃል ሞልቷት ነበር። አንዱን ልታነሳ ፈለገች። ልጅቷ ግን ሰኔን እየቆጠረች እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል፤ ይህን ማየቱ ከበዳት።

«የሱ» አለች።

«ታዲያ የኔ ወረቀት ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ስህተት፣ ሁለት ስህተት...»

«አጠፋልሽ ነበር። በላጲስ።»

«ሁልጊዜ?»

«አርብ አርብ።»

ሪያሊን ወረቀቱን አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል አጠፈችው። ስትወጣ እጅ ሳትነሳ ወጣች። ኢሉሚናዳ እጇን ዘርግታ ቆማ ቀረች።

ኩርፊያ ተጀመረ። በዚህ አገር ኩርፊያ ጩኸት የለውም። ያኮረፈ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሲጠይቁት «ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ እስኪለማመጡት ይጠብቃል። ሽማግሌ ደግሞ ልጅን አይለማመጥም፤ ነውር ነው። ሪያሊን በክፍሉ ጥግ ተቀምጣ ደብዳቤዋን በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ መክተት ጀመረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ግድግዳው ላይ ትውላለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ኢሉሚናዳ እንቅልፍ ከዳት። ሰው እንዳይከፋው ስትል ያላደረገችው ነገር የለም፣ አሁን ግን ያቺ አንድ ልጅ ዓይኗን አይታ አታናግራትም። «ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው» ትል ነበር ብቻዋን።

የሰሙነ ሕማማቱ ሐሙስ ዕለት አንድ ባለ ባጃጅ ከዴልፊና የተላከ ፌስታል አደረሰላት። ውስጡ የሪያሊን የሁለት ዓመት ደብዳቤዎች ነበሩ። «ልጅቷ ልትጥላቸው ነው፤ ዴልፊና ‹ወረቀቱ ላንቺ ይሁንሽ› ብላለች» አለ ሰውየው። ኢሉሚናዳ ቆጠረቻቸው፤ ሰባ አንድ።

ስቅለት ዕለት ማንም አይሠራም። መርፌ የያዘች ሴት እንኳ ብትወጋ ቁስሏ አይሽርም ይባላል። ኢሉሚናዳ ጠዋት በሯን ዘጋች፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ ብርሃኑ ጋደል አደረገችው። ላጲስ ቀለሙን ነው የሚያነሳው፤ እርሳሱ ወረቀቱን የቦረቦረበት ይቀራል። ያጠፋችው ቃል ሁሉ እዚያው ነበር። አንድ በአንድ እየፈለገች ራሷ የጻፈችውን ሰረዘች፣ ከላዩ ልጅቷ የጻፈችውን ስህተት በቀይ መለሰች፣ ኅዳጉ ላይ ምክንያቱን ጻፈች። ‹እዚህ ቀን ነው። እዚህ ወር ነው። እዚህ ከሕመሙ ጋር ነው እንጂ በሕመሙ ውስጥ አይደለም።› ምክንያት በሌለበት ቦታ «ይህን አጥኚው፣ ምክንያት የለውም» አለች። የስቅለቱ ሰልፍ በደጇ ሲያልፍ፣ በደወል ፋንታ የሚመታው የእንጨት ቋቋታ ሲሰማ፣ ቀና አላለችም። ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቷ አልታጠፍ አላት፤ በግራ እጇ እየደገፈች ቀጠለች። ቅዳሜን ሙሉ ዋለች። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሰባ አንደኛውን ስትዘጋ ደስታ አልተሰማትም፣ ዕንባም አልመጣላት፤ ጋደም ማለት ብቻ አማራት።

ማክሰኞ ከሰዓት ሪያሊን ከሥራ ስትወጣ የሆስፒታሉ በር ላይ ኢሉሚናዳ ፌስታሉን ታቅፋ ቆማ አገኘቻት። ያዩ ነርሶች ተገፋፉ። ልጅን እንዲህ ደጅ የሚጠና ሽማግሌ አይተው አያውቁም።

«ኒናንግ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ሰው እያየ።»

«ይይ። እንኪ። ስህተትሽን መልሼልሻለሁ፣ አንድም አልቀረ።»

ሪያሊን አንዱን አወጣች፣ ቆማ አነበበች። ሌላውን አወጣች። ፊቷ ቀላ።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ሰባ አንድ ጊዜ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«ታዲያ?»

«ግድግዳ ላይ እንዳትውዪ ብዬ ነው፣ ልጄ። ሰው እንዳይስቅብሽ።»

«ቢስቁብኝ ኖሮ እኮ እስካሁን ሄጃለሁ!» ወረቀቶቹን ወደ ፌስታሉ እየመለሰች «እኔም ምንም አላውቅም አልልም። አንዳንዴ ‹ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?› እል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች። የኢሉሚናዳን እጅ ወስዳ ግንባሯ ላይ አስነካች፣ ያበጠውን አውራ ጣት አየች።

ለፈተናው ስድስት ሳምንት ቀራቸው። ሪያሊን ከሥራ በቀጥታ እየመጣች፣ ኢሉሚናዳም ሳታዝንላት አሠራቻት። ሃያ ሦስቱ ስህተት አሥራ አምስት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አምስት ሆነ። ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ ልክ መስሎ በእጅ ላይ የሰፈረ ነገር በስድስት ሳምንት አይነቀልም። ፈተናው ደረሰ፣ አለፈ። ውጤቱ ሲመጣ ሪያሊን ደወለች። «በአሥር ነጥብ ወደቅሁ፣ ኒናንግ» አለች። ስልኩን ዘጋችው። ከሳምንት በኋላ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዴልፊና ካድዮስ የሚባለውን የአገሩን አተር በአሳማ እግር የሠራችበትን ድስት ይዛ መጣች፣ ሪያሊንም ከኋላዋ። ዴልፊና ቤት እንደገባች ሳሕን ፈልጋ አቀረበች፣ ሪያሊን የቆየውን ዕቃ ልታጥብ ወደ ቧንቧው ሄደች።

«በይ ብዪ፣ ከስተሻል» አለች ዴልፊና። «ለልጄ ያላደረግሽላት የለም። እግዜር ይክፈልሽ። የልጅቷ ዕድል ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።»

ኢሉሚናዳ ወደ ሪያሊን ጀርባ አየች። ልጅቷ ሳሕን ታጥባለች። ለእናቷ አልነገረቻትም ማለት ነው። የክርስትና እናቷን ስም ሸፍናላታለች። ኢሉሚናዳ ያን ቃል ተቀብላ «ምን አደረግኩ ብለሽ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር፤ ሁሉም በልቶ፣ ተመራርቆ ይለያያል። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ዕድሏ አይደለም፣ አበልጄ። እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስህተቷን በላጲስ እያጠፋሁ ጎበዝ አስመሰልኳት። እውነቱን ሳትማር ቀረች። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

ዴልፊና ወጡን መጨለፏን አላቋረጠችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ነገረችሽ?»

«እሷማ ብትሞት አትተነፍስም። ሦስተኛውን ስትወድቅ ደብዳቤዎቿን አየኋቸው። እንግሊዝኛ አላውቅ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የተተረተረ ስፌት ግን አውቃለሁ። ወረቀቱ በየቦታው ተተርትሮ ተሰፍቷል፣ የሰፋው እጅ ያንቺ ነው። ታዲያ ፌስታሉን ለምን የላክሁልሽ መሰለሽ? አፍ አውጥቼ መናገር ቢያቅተኝ ነው።»

«ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ!»

«አበልጄ ነሻ» አለች ዴልፊና፣ ዓይኗ ዕንባ ሞልቶ። «ምን ብዬ ልጀምረው? ደግ የሠራሽ መስሎሽ። እንዴት አድርጌ ላሳፍርሽ?»

የቧንቧው ውሃ ቆመ። ሪያሊን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ዞረች። መጀመሪያ እናቷን፣ ከዚያ ክርስትና እናቷን አየች።

«እማ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?»

ዴልፊና አንገቷን ደፋች።

«እናንተ እርስ በርስ ስትከባበሩ» አለች ሪያሊን፣ ሳትጮህ፣ «የኔ ዕድሜ ነው የሄደው። አንዳችሁ ባንዳችሁ ፊት አላፈራችሁም፤ የሁለታችሁንም ኀፍረት እኔ አፈርኩላችሁ።» ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። «ለሌላ ሆስፒታል አመለክታለሁ። ቀጣዩ ፈተና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከነገ ጀምሮ ደብዳቤዬን ሰር ኬልቪን ነው የሚያርመው። እርስዎ እንዳይነኩት፣ ኒናንግ። በዓይንዎም ቢሆን።»

«ይሻላል» አለች ኢሉሚናዳ።

ከልቧ ነበር ያለችው። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ሁለቱ አሮጊቶች ከድስቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አንዳቸውም ሌላዋን ለማጽናናት ድፍረቱ አልነበራቸውም። ኢሉሚናዳ እንዲህ ደክሟት አያውቅም።